ከጣፋጩ ጋር የትኛው ወይን? ሞስካቶ፣ ሶተርን፣ ቶካይ፣ ፖርትና ፔድሮ ሂሜኔዝ ሲነጻጸሩ

ለልደት ወይም ለበዓል ኬክ ይታዘዛል። ከኬኩ ጎን ደረቅ ቀይ ወይን ይከፈታል። ኬኩ ከተጎረሰ በኋላ ወይኑ ሲቀመስ ይጎመዝዛል፣ ምላስ ያደርቃል። ሁሉም "ወይኑ አይረባም" ይላል። ወይኑ ግን ምንም አልሆነም። ምላስ አንዴ ስኳር ከለመደ፣ ከዚያ ያነሰ ጣፋጭ ነገር ሲመጣበት የሚሰማው ኮምጣጣውና መራራው ብቻ ነው። ስለዚህ ወይኑ ከምግቡ ይበልጥ መጣፈጥ አለበት፤ ቢያንስ እኩል። እኔ ጠርሙስ የምመርጠው ከዚህ ተነስቼ ነው። ምን እንደሚበላ ሳላውቅ ወይን አልገዛም።

"ሚዲየም ስዊት" የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ለኬክ ይሆናል ብሎ እንዳይሸወድ። ከዝዋይ የሚመጣው አካሺያ ሚዲየም ስዊት ለምሳሌ ከጥብስ ጋር ጥሩ ይሄዳል። ከክሬም ኬክ ጋር ግን ስኳሩ አይበቃውም። ከዚህ በታች የማወራው ከምግብ በኋላ በትንሽ በትንሹ ስለሚጠጡት፣ በደንብ ጣፋጭ ስለሆኑት ነው።

ሞስካቶ ዳስቲ

ከሰሜን ጣሊያን፣ ከፒዬሞንቴ የሚመጣ ነጭ ወይን ነው። አልኮሉ 5 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው፤ ከብዙ ቢራ አይበልጥም። ቀለል ያለ አረፋ አለው፤ ሽታው ኮክና የብርቱካን አበባ ያስታውሳል። እንጆሪ፣ የፍራፍሬ ሰላጣ፣ ክሬም ያልበዛበት ስፖንጅ ኬክ፣ የበሰለ ማንጎ ሲቀርብ እሱን ክፈቱ። አልኮል የማይደፍሩ እንግዶች ካሉም ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው።

በርበሬ ያለበት ምግብ ላይም ይሠራል። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳል፣ ስኳር ደግሞ ያበርደዋል። ሞስካቶ አልኮሉ ትንሽ፣ ስኳሩ በቂ ስለሆነ ከአዋዜ ጥብስ ጋር ቀዝቅዞ ሲጠጣ ደስ ይላል። ከቸኮሌትና ከባቅላባ ጋር ግን አትግዙት፤ ይዋጣል።

ሶተርን ወይስ ቶካይ አሱ?

እነዚህን ሁለቱን ሰው በብዛት ያምታታቸዋል። ቢያምታታም አይፈረድበትም፤ ሁለቱም ወርቅማ ናቸው፣ ሁለቱም የሚጠመቁት ሻጋታ ከነካው ፍሬ ነው።

ሶተርን የፈረንሳይ፣ የቦርዶ ነው። በመከር ወቅት ቀዝቃዛው የሲሮን ወንዝ ሞቅ ካለው ከጋሮን ጋር ሲገናኝ ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ይነሳል። ጭጋጉ ቦትሪቲስ ለሚባለው ሻጋታ ይመቸዋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲወጣ ፍሬው ውሃውን እያጣ ይጨማደዳል፤ ስኳሩና ኮምጣጣነቱ ውስጡ ይጠራቀማል። ፍሬው እኩል ስለማይደርስ ለቃሚዎች ወደዚያው ማሳ እየተመላለሱ የደረሰውን ብቻ ይለቅማሉ። ዋጋው የሚወደደው ለዚህ ነው። በ1855ቱ የቦርዶ ምደባ ከሁሉ በላይ ብቻውን የተቀመጠው ሻቶ ዲኬም የሚባለው ወይን አምራችም የዚሁ አካባቢ ነው፤ ለቤት ግብዣ ግን እስከዚያ መሄድ አያስፈልግም።

ቶካይ የሃንጋሪ ነው፤ ዋናው የወይን ዝርያው ፉርሚንት ይባላል። ከሶተርን የሚለየው በኮምጣጣነቱ ነው። ስኳሩ ከባድ ቢሆንም መጨረሻ ላይ ስል ስለሆነ አፍ ላይ አይለጠፍም። ሶተርን ወፈር፣ ለስለስ ያለ ነው፤ ማር፣ አፕሪኮት፣ ከበርሜሉ ደግሞ ቫኒላ ይሸታል። ቶካይ ወደ ብርቱካን ማርማላታ ያደላል።

ምርጫው ከዚህ ይመጣል። ክሬም ካራሜል ወይም ሌላ እንቁላልና ወተት የበዛበት ማጣጣሚያ ካላችሁ ሶተርን ግዙ። የፖም ኬክ፣ በተለይ ደግሞ ባቅላባ ካላችሁ ቶካይ ግዙ። ባቅላባ ሽሮፕ፣ ቅቤና ለውዝ በአንድ ላይ የያዘ ከባድ ጣፋጭ ነው። ለስላሳ ወይን ሲገጥመው ሁሉም ነገር ስኳር በስኳር ይሆናል፤ ሁለተኛው ቁራጭ አይበላም። የቶካይ ኮምጣጣነት ሽሮፑን ይቆርጠዋል። ጠርሙሱ ላይ "አሱ" (ሻጋታ ከነካው ፍሬ የተሠራ ማለት ነው) የሚል ቃልና "5" ወይም "6 ፑቶኖሽ" የሚል የጣፋጭነት ደረጃ ፈልጉ። 5 ማለት በሊትር ቢያንስ 120 ግራም ስኳር፣ 6 ማለት ቢያንስ 150 ግራም ነው። ለባቅላባ 6 ይሻላል። "ሳሞሮድኒ" የሚልም ቶካይ አለ፤ ከጎኑ "ሳራዝ" ካለ ደረቅ ነውና ለጣፋጭ አይሆንም።

ሶተርን ከሁሉ የሚያምርበት ግን ከጣፋጭ ጋር አይደለም፤ ከጨዋማ ቺዝ ጋር ነው። ሰማያዊ ሻጋታ ያለበትን ሮክፎር ከፍሪጅ አውጡና ትንሽ ይለስልስ። በጣት ጫፍ የምታህል ቁራሽ ዳቦ ላይ አድርጋችሁ ጉረሱ። መጀመሪያ ጨው፣ ቀጥሎ የሚቆነጥጥ ነገር ይመጣል። አፋችሁ ውስጥ እያለ አንድ ጉንጭ ወይን ጨምሩበት። ጨው የወይኑን ማር ያጎላዋል፤ ወይኑ ደግሞ የቺዙን መቆንጠጥ ያስታግሳል። እኛ ጋ ጣፋጭ መብላት ከልጅነት ያልተለመደ ብዙ ሰው አለ። ለእንደዚህ ዓይነቱ እንግዳ ከኬክ ይልቅ ይህን ብታቀርቡለት ይወደዋል ብዬ በሙሉ አፌ እናገራለሁ።

ፖርት፦ ሩቢና ቶኒ

ፖርት የሚሠራው ፖርቱጋል፣ ዱሮ ሸለቆ ውስጥ ነው። ክልሉ በሕግ የተከለለው በ1756 ነው። የወይኑ ጭማቂ እየፈላ ሳለ፣ ስኳሩ ሳያልቅ፣ 77 በመቶ ገደማ አልኮል ያለው የወይን አረቄ ይጨመርበታል። እርሾው ይሞታል፣ ስኳሩ ይቀራል። ስለዚህ ፖርት ጣፋጭም ጠንካራም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ19 እስከ 22 በመቶ አልኮል አለው። ከዶሮ ወጥ ጋር አታቅርቡት። ይህን ያህል አልኮል በርበሬው ላይ ሲጨመር አፍ ያቃጥላል፤ የሁለቱም ጣዕም ይጠፋል።

ሩቢ በትልቅ ጋን ወይም ታንክ ስለሚቀመጥ አየር ብዙ አያገኘውም። ቀይነቱና የጥቁር እንጆሪ ጣዕሙ እንዳለ ይቆያል። የሩቢ ጓደኛ ጥቁር ቸኮሌት ነው። ቸኮሌት መራራ ነው፣ ምላስም ይሸፍናል፤ ቀጭን ወይን አይችለውም። ሩቢ ግን ውፍረቱም ፍሬውም ስላለው ኬኩ ውስጥ የእንጆሪ ማርማላታ የተጨመረ ያህል ይሰማል። ትንሽ ከፍ ማለት ከፈለጋችሁ "ኤል ቢ ቪ" የሚለውን ውሰዱ፤ ከአንድ ዓመት ምርት የተሠራና ከ4 እስከ 6 ዓመት ቆይቶ የታሸገ ነው። ነጭ ክሬም ለተቀባ ቶርታ ግን ሩቢን አልመክርም፤ ክሬሙን ይጫነዋል።

ቶኒ በትንንሽ የእንጨት በርሜል ይቆያል። አየር ቀስ እያለ ስለሚገባ ቀዩ ቀለም ወደ ቀላ ያለ ሻይ ይለወጣል። ጣዕሙም ወደ ካራሜል፣ ወደ ተቆላ ለውዝ፣ ወደ ደረቀ በለስ ይሄዳል። ጠርሙሱ ላይ 10፣ 20፣ 30 ወይም 40 ዓመት የሚል ይጻፍበታል። 20ው የበለጠ ለውዝ ለውዝ ይላል፤ 10ሩ ደግሞ አሁንም ፍሬው አለው፣ ዋጋውም ይቀላል።

አንድ ጠርሙስ ብቻ ግዛ ብትሉኝ ባለ 10 ዓመቱን ቶኒ እገዛለሁ። ምክንያቴ ቆሎ ነው። ገብሱ፣ ሽምብራው፣ ሱፉና ኦቾሎኒው ሲቆሉ የሚያወጡት ሽታ ራሱ ቶኒ ውስጥ አለ። ትንሽ ጨው ከነካው ደግሞ ይበልጥ ይገጥማል። ከቴምር፣ ሄል ካለበት ኅብስት፣ አሜሪካ ላላችሁ ከፒካን ፓይም ጋር ይሄዳል። ወተትና እንቁላል የማይነካ ሰው ቤት ስትሄዱም ቶኒ፣ ቴምርና ለውዝ ይዛችሁ ብትሄዱ አታፍሩም።

አሜሪካ ውስጥ ስትገዙ አንድ ነገር እዩ። እዚያው የተሠሩና "ፖርት" የሚል ስም የያዙ ርካሽ ጠርሙሶች ሱቅ ውስጥ አሉ። እውነተኛው ፖርት ጠርሙሱ ላይ ፖርቱጋል የሚል አለበት።

ፔድሮ ሂሜኔዝና አይስዋይን

ፔድሮ ሂሜኔዝ ከደቡብ ስፔን፣ ከአንዳሉሲያ ነው። ፍሬው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ዘቢብ እስኪመስል ይደርቃል። የሚወጣው ወይን ጥቁር ነው፤ ስኳሩ በሊትር ከ300 ግራም በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ዘቢብ፣ ቴምርና ቡና ቡና ይላል። ቫኒላ አይስክሬም ላይ ሁለት ማንኪያ አፍስሱበት፣ ሌላ ነገር አይጨመርም። ብርጭቆ ሞልቶ የሚጠጣ አይደለም።

አይስዋይን ወይኑ ዛፉ ላይ እያለ በረዶ ሲሆን ተለቅሞ ይጨመቃል። ካናዳ ውስጥ ብርዱ ቢያንስ ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ መድረስ አለበት። ከፍራፍሬ ጋር ግሩም ነው፣ ግን ውድ ነው። ከማንጎ ጋር ሞስካቶም በቂ ስለሆነ እኔ ገንዘቡን ለሶተርን አውለዋለሁ።

መጠን፣ ቅዝቃዜና የተረፈው

ከእነዚህ ብዙዎቹ በ375 ሚሊ ሊትር ግማሽ ጠርሙስ ይገኛሉ፤ ቶካይ ብዙ ጊዜ 500 ነው። ለአንድ ሰው 75 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ስለዚህ ግማሽ ጠርሙስ ለ5 ሰው ይዳረሳል። ሞስካቶን በደንብ አቀዝቅዙ። ሶተርንና ቶካይ 10 ዲግሪ አካባቢ፣ ቶኒ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ፣ ሩቢ ደግሞ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ እንዳለ ቢቀርቡ ጥሩ ነው።

ከተከፈተ በኋላ ሞስካቶ አረፋው ስለሚጠፋ በማግስቱ ጨርሱት። ሶተርን ቡሹ ተመልሶ ፍሪጅ ከገባ ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ሩቢም እንደዚያው ወይም ትንሽ ይበልጣል። ቶኒ ከአየር ጋር የኖረ ስለሆነ ወር ያህል ይታገሳል፤ ፔድሮ ሂሜኔዝ ከዚያም በላይ። "ቪንቴጅ" የሚል ውድ ፖርት ከገዛችሁ ግን በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ማለቅ አለበትና ሰው ሲበዛ ክፈቱት።