ለእርግዝና ጥናት የትኛዋ አይጥ? ጌርስ፣ ዋግ ራይ እና ድምፅ የሚጥላት

የሚጥል በሽታ በእርግዝና እና በልጆች ዕድገት ላይ የሚያደርሰውን ለማጥናት አይጥ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ጥቃቱ ዓይነት ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ጥቃቱ በስንት ወሯ እንደሚጀምራት ነው።

ጌርስ በስትራስቡርግ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ዊስታር ከሚባሉት የላቦራቶሪ አይጦች ተመርጣ የወጣች፣ የሚጥል በሽታ ያለባት ዝርያ ናት። ዋግ ራይ የኔዘርላንድ ዝርያ ናት፤ በሽታው ያለባት መሆኑ የታወቀው በ1986 ናይሜኸን ውስጥ ነው። ሁለቱም አይንዘፈዘፉም። ድንገት ፍዝዝ ይላሉ፣ ጢማቸው ይርገበገባል፤ ጥቃቱን በእርግጠኝነት የሚያሳየው የአንጎል ሞገድ ቀረጻ ብቻ ነው። ይህ ለእርግዝና ጥናት ትልቅ ጥቅም አለው፦ እናቲቱ ስለማትወድቅና ስለማትጎዳ የሚሰጣት መድኃኒት ያመጣው ጉዳት ከመውደቅ ጉዳት ጋር አይቀላቀልም።

ልዩነታቸው ዕድሜ ላይ ነው። ጌርስን በአንድ ወር ገደማ ይጀምራታል፣ በሦስትና በአራት ወሯ ይበረታባታል። ስለዚህ በተለመደው የማዳቀያ ዕድሜ ያረገዘችው ጌርስ በእርግጥም ታማሚ እናት ናት። ዋግ ራይን የሚጀምራት ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ሁሉም ላይ በግልጽ የሚታየው ስድስት ወር ሲሞላቸው ነው። በሦስት ወሯ ካዳቀሏት የሚያጠኑት ገና ሊታመም ያለ አንጎል ነው። ብትቆይ ደግሞ የመውለጃ ዕድሜዋ እየገፋ፣ የልጆቿን ውጤት መጠበቁም የሳጥንና የመኖ ወጪውን እያበዛ ይሄዳል።

ጌርስ ከዚያው የዊስታር ዘር የወጣች፣ ጥቃት የሌለባት አቻ አላት። ዋግ ራይ ብዙ ጊዜ የምትነጻጸረው ከሌላ ዝርያ ጋር ነው፤ ያኔ የልጆቹ የክብደት ልዩነት የበሽታው ይሁን የዝርያው ለመለየት ያስቸግራል። ቫልፕሮዌት የሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት በማህፀን ውስጥ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማየት የምመርጠው ጌርስን ከነአቻዋ፣ መድኃኒት ከወሰዱና ካልወሰዱ ጋር በአራት ቡድን ነው። ካርባማዘፒንና ፌኒቶይን የሚባሉት የዚሁ በሽታ መድኃኒቶች ግን የሁለቱንም ዝርያዎች ጥቃት ያባብሳሉ፤ እነዚህን ለሚያጠና ሁለቱም አይሆኑም።

ዋግ ራይ የምትበልጠው ጥያቄው ቀድሞ መከላከል ሲሆን ነው። ከተወለዱ ከ21ኛው ቀን ጀምሮ ኢቶሰክሲማይድ የሚባለው የዚሁ በሽታ መድኃኒት የተሰጣቸው የዋግ ራይ ልጆች ካደጉ በኋላ ጥቃቱ እንደቀነሰላቸው ታይቷል። እዚህ ላይ የበሽታው መዘግየት ፋታ ይሰጣል።

ሦስተኛዋ ኃይለኛ ድምፅ ስትሰማ ጥቃቱ የሚነሳባት ናት፤ የአሪዞናዋም ሆነች የብራዚሏ ዝርያ፣ ትሮጣለች፣ ትወድቃለች፣ ትንዘፈዘፋለች። ከ21 እስከ 23 ቀን በሚቆየው እርግዝና ውስጥ ጥቃቱን በፈለጉት ቀን ማስነሳት የሚቻለው በእሷ ነው። ነገር ግን ጥቃቱን የሚያስነሳው ኃይለኛ ደወል በራሱ እርጉዝን ያስጨንቃል፤ ያንኑ ድምፅ የምትሰማ፣ የማትወድቅ እርጉዝ አቻ ከሌለች ውጤቱን አላምነውም። የብረት ክዳን በሚንኳኳበት ቤት ውስጥማ ባትገባ ይሻላል።

የትኛዋም ብትመረጥ ልጆቹን በተወለዱ በአንድ ቀን ውስጥ ከፊሎቹን ለጤናማ እናት ሰጥታችሁ አሳድጉ። የታመመች እናት አያያዝ ራሱ ልጅን ይለውጣል። የእያንዳንዷን እናት ልጆች ስምንት አድርጉና መዝኑ፤ በጀርባቸው አንጋላችሁ ለመገልበጥ የሚወስድባቸውን ሰከንድ፣ ዓይናቸው የሚከፈትበትን ቀን መዝግቡ። ስሌቱ ላይ ግን የአንዲት እናት ስምንት ልጆች እንደ ስምንት ማስረጃ አይቆጠሩም፤ ስለዚህ በጀቱን የምታሰሉት በእናቶች ብዛት ነው። እርጉዝ አይጥም አታስመጡ፤ የመንገዱ ጭንቀት ልጆቹ ላይ ይታያል። ያላረገዙትን ገዝታችሁ ቤቱን ሲለምዱ እዚያው አዳቅሉ።