የመጨረሻው መስኮት፦ የእንግሊዙ «ሲሲአርሲ» አገልግሎት ሲመዘን

በእንግሊዝ አገር በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት፣ ይግባኙም ውድቅ ሆኖበት፣ አሁንም «እጄ የለበትም» የሚል ሰው የሚቀረው መስኮት አንድ ነው። የወንጀል ጉዳዮች ክለሳ ኮሚሽን ይባላል፤ እስረኛውም ጠበቃውም የሚጠሩት ግን በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ሲሲአርሲ» ብለው ነው። መቀመጫው በርሚንግሃም ነው። የእንግሊዝን፣ የዌልስንና የሰሜን አየርላንድን ፍርዶች ያያል፤ ስኮትላንድ የራሷ ኮሚሽን አላት። የነርሷ የሉሲ ሌትቢ ማመልከቻ በፌብሩዋሪ 2025 ከገባ ወዲህ ስሙን ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ስለ ኮሚሽኑ ይከራከራል። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ ስሜቱን ወደ ጎን ትተን፣ እንደ ማንኛውም አገልግሎት እንመዝነው።

ዋጋው ላይ ቅሬታ የለም፤ ነጻ ነው። ቅጹን እስረኛው ራሱ መሙላት ይችላል፤ ጠበቃ የግድ አይደለም፤ ማንበብ ለሚከብደው በቀላል ቋንቋ የተዘጋጀ ቅጽ አለ። ማመልከቻው ቅጣት አያስጨምርም። ችግሩ ያለው፣ በዚህ መስኮት የሚሰጠው ነገር ምን እንደሆነ ብዙው ሰው በትክክል አለማወቁ ላይ ነው።

ኮሚሽኑ ማንንም ነጻ አያወጣም። ፍርድ የሚሽረው ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነው፤ የኮሚሽኑ ሥራ ፋይሉን ወደዚያ መልሶ መምራት ብቻ ነው። ለመምራትም ቢያንስ ሦስት ኮሚሽነሮች ተቀምጠው «ይህ ቢመለስ ፍርዱ የማይጸናበት እውነተኛ ዕድል አለ» ማለት አለባቸው። ያ ዕድል ደግሞ በመጀመሪያው ችሎትም በይግባኙም ካልተነሣ ማስረጃ ወይም ክርክር መምጣት ይኖርበታል። የ1995ቱ ሕግ እንዲህ ነው የሚለው፤ ሥራው የተጀመረው በ1997 ነው። ከዚያ ወዲህ ከ30,000 በላይ ማመልከቻዎች ገብተዋል፤ ወደ ፍርድ ቤት የተመሩት ከ800 ትንሽ በለጥ ያሉ ናቸው። ከተመሩት ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ይሳካላቸዋል።

ይህን «ከአሥር ሰባት» ኮሚሽኑ እንደ ብቃት ማሳያ ያነሣዋል። ገልብጦ ማየትም ይቻላል፤ በእጁ የገባ ያህል እርግጠኛ የሆነበትን ብቻ የሚልክ መሥሪያ ቤት ነው የሚመስለው። ጥያቄው «ይህ ሰው ገድሏል ወይስ አልገደለም?» አይደለም፤ «ዳኞቹ ምን ይሉን ይሆን?» ነው። ሕጉ ራሱ ግምት እንዲገምት ስለሚያዘው ሠራተኞቹን ብቻ መውቀስ አይቻልም። የአገሪቱ የሕግ ኮሚሽን በ2025 መጀመሪያ ባወጣው የምክክር ሰነድ ይህ መመዘኛ እንዲቀየር ሐሳብ ያቀረበው ያለ ምክንያት አይደለም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ልዩነቱን በአጭሩ ለማስረዳት፦ የኛ ሰበር ሰሚ ችሎት የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ነው፤ ፍሬ ነገሩን እንደገና አይቆፍርም። ሲሲአርሲ የሚቆፍረው ፍሬ ነገሩን ራሱን ነው። የሕጉ አንቀጽ 17 ከፖሊስ፣ ከዓቃቤ ሕግ፣ ከመንግሥት ሆስፒታል ሰነድም ዕቃም ጠይቆ እንዲወስድ ይፈቅድለታል፤ «ምስጢር ነው» ብሎ መከልከል አይቻልም። ከ2016 ወዲህ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከግል ድርጅትም መውሰድ ይችላል። ሲያስፈልግም ሌላ ፖሊስ መርማሪ ሆኖ እንዲመደብ ያስገድዳል። የትኛውም ተከላካይ ጠበቃ የማያገኘው ሥልጣን ነው። ለአገልግሎቱ ትልቁን ነጥብ የምንሰጠውም እዚህ ላይ ነው። ትልቁ ጥፋቱም እዚሁ ነው፤ ሥልጣኑን ይዞ ሳይጠቀምበት ይቀራል።

የፒተር ሰለቫንን ጉዳይ ጠጋ ብለን እንየው። በኦገስት 1986 ሊቨርፑል አጠገብ፣ በበርከንሄድ አካባቢ የ21 ዓመት ወጣት ሴት ተገደለች። ሰለቫን የመማርና የመረዳት ችግር ያለበት ሰው ነበር። መጀመሪያ በፖሊስ ሲጠየቅ አጠገቡ ጠበቃም ሆነ የሚያግዘው ሰው አልነበረም፤ «አዎ» አለ፤ በኋላ ቃሉን አጠፈ። በሟቿ ሰውነት ላይ የተገኘው የጥርስ ንክሻም ከእሱ ጥርስ ጋር ይገጥማል ተባለ። በ1987 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ከሟቿ አካል ላይ የተወሰደ የወንድ ዘር ናሙና ግን ተቀምጦ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ዲኤንኤ ገና ለፍርድ ቤት የደረሰ ነገር አልነበረም።

በ2008 ለሲሲአርሲ አመለከተ። ኮሚሽኑ የፎረንሲክ ባለሙያዎችን ጠየቀ፤ ናሙናው ቢመረመርም የዲኤንኤ መለያ ይወጣዋል ተብሎ አይታሰብም አሉት። ፋይሉ ተዘጋ። ሰውየው በ2019 ስለ ንክሻው ራሱ በቀጥታ ወደ ይግባኝ ፍርድ ቤት ሄደ፤ አልተፈቀደለትም። በ2021 እንደገና ወደ ኮሚሽኑ መጣ። አሁን ናሙናው ተመረመረ፤ መለያ ወጣው፤ የሰለቫን አልነበረም። በኖቬምበር 2024 ጉዳዩ ተመራ፤ ሜይ 13 ቀን 2025 ፍርዱ ተሻረ። ዓቃቤ ሕግም አልተቃወመም። ሰለቫን ውሳኔውን የሰማው ከዌክፊልድ እስር ቤት በቪዲዮ ነው፤ ከታሰረ 38 ዓመት ከ7 ወር ሆኖት ነበር።

እዚህ ላይ የተበላሸው ምንድን ነው? በ2008 የተሰጠው መልስ ለጊዜው ሳይንስ ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን «ዛሬ አይቻልም» የተባለ ፋይል በየአምስት ዓመቱ ተከፍቶ «አሁንስ?» የሚባልበት ሥርዓት አልነበረም። አመልካቹ ራሱ ካላንኳኳ የሚጠራው የለም። አንድ የመማር ችግር ያለበት እስረኛ የዲኤንኤ ቴክኖሎጂ መሻሻሉን ከክፍሉ ሆኖ ይከታተላል ብሎ መጠበቅ ነው።

የአንድሩ ማልኪንሰን ጉዳይ ግድያ ሳይሆን አስገድዶ መድፈር ነው፤ ግን አገልግሎቱን በሚመለከት ከሱ የባሰ ውድቀት የለም። በ2004 ተፈረደበት። በ2007 በተበዳይዋ ልብስ ላይ የሌላ ወንድ ዲኤንኤ መኖሩ ታወቀ። በ2009 ለኮሚሽኑ ሲያመለክት ይህ በፋይሉ ውስጥ ነበር። ኮሚሽኑ ተጨማሪ ምርመራ አላስደረገም፤ የወጪ ጉዳይ እንደነበረበት ከውስጥ ማስታወሻዎቹ ታይቷል። ሁለት ጊዜ መለሰው። ፖሊስ ልብሶቹን አስወግዶ ነበር፤ ሰውየውን ያዳነው በፎረንሲክ ማኅደር ውስጥ የተረፈ ናሙና እና ጉዳዩን የያዘው «አፒል» የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ያስደረገው ምርመራ ነው። ጁላይ 2023 ላይ ፍርዱ ተሻረ፤ 17 ዓመት ታስሯል። ክሪስ ሄንሊ የተባሉ የሕግ ባለሙያ በ2024 ባወጡት የግምገማ ዘገባ አሥር ዓመት ገደማ ቀድሞ ነጻ ሊወጣ ይችል እንደነበር ጽፈዋል። የኮሚሽኑ ሊቀመንበር ሄለን ፒቸር በጃንዋሪ 2025 ሥራ ለቀቁ፤ ቬራ ቤርድ በጊዜያዊነት ተተኩ። የፓርላማው የፍትሕ ኮሚቴም በዚያው ዓመት አመራሩንና ሠራተኛው ከቤት ሆኖ የሚሠራበትን ልማድ ክፉኛ ነቅፏል። ለውጡ እስከ ታች ፋይል መርማሪው ድረስ መድረሱ የሚለካው ግን በስም ለውጥ አይደለም።

ወደ ተግባሩ እንምጣ፤ ለማመልከት የሚረዳ ወዳጅ ዘመድ ላለው ይህ ክፍል ይበልጥ ይጠቅመዋል።

መጀመሪያ ይግባኝ መጠየቁ ይረጋገጥ። ከፍርዱ በኋላ የይግባኝ ፈቃድ መጠየቂያው 28 ቀን ነው፤ ካለፈም የጊዜ ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል። ይግባኝ ጨርሶ ያልሞከረን ሰው ኮሚሽኑ የሚያየው ልዩ ሁኔታ ካለ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን ዘሎ የሚላክ ቅጽ ብዙ ጊዜ ወሮች ጠብቆ ባዶውን ይመለሳል።

ቀጥሎ፣ በቅጹ ላይ ታሪክ አይተረክ። «ምስክሩ ዋሽቷል፤ ጠበቃዬ አልረዳኝም» የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጁሪው (ከሕዝብ ተመርጦ ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለው ቡድን) ግን ሰምቶት ከሆነ አዲስ አይደለም። የሚሠራው እንዲህ ያለው ነው፦ «በማስረጃ ቁጥር እገሌ የተያዘው ጃኬት፣ በዚህ ዓመት በዚህ ላቦራቶሪ የደም ዓይነቱ ብቻ ታይቷል፤ የዲኤንኤ ምርመራ አልተደረገለትም፤ በአንቀጽ 17 እንዲያዝልንና እንዲመረመር እንጠይቃለን።» ዕቃው፣ ቁጥሩ፣ ያለበት ቦታ፣ የሚፈለገው ምርመራ፣ ውጤቱ ምን ቢሆን ምን እንደሚለውጥ። አምስቱ አንድ ገጽ አይሞሉም። የመንግሥቱ የፎረንሲክ አገልግሎት በ2012 ሲዘጋ ማኅደሩ በርሚንግሃም ቀርቷል፤ «ፖሊስ ጠፍቷል ብሎኛል» የሚለው መልስ እዚያ ሳይጠየቅ መጨረሻ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። የማልኪንሰን ፋይል ያስተማረው ይህንን ነው።

ሦስተኛው በጣም የሚዘነጋው ነው። ኮሚሽኑ «አንመራም» ሊል ሲያስብ መጀመሪያ ጊዜያዊ ውሳኔውን ከነምክንያቱ ይልካል፤ መልስ መስጫ ቀነ ገደብም ያስቀምጣል። ያን ወረቀት እንደ መጨረሻ መርዶ አንብቦ መሳቢያ ውስጥ መክተት ትልቅ ስህተት ነው። የትኛውን ማስረጃ እንዳላዩ ነጥብ በነጥብ መመለስ የሚቻለው ያኔ ነው። የመጨረሻው ውሳኔ እምቢ ቢሆን እንኳ አዲስ ነገር ሲገኝ እንደገና ማመልከት ይቻላል፤ አሠራሩ ሕግን የጣሰ ከሆነም ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት መውሰድ ይቻላል።

የሌትቢ ጉዳይ መስኮቱን በሌላ በኩል ይፈትነዋል። በ2023 ሰባት ሕፃናትን በመግደልና ሌሎችን ለመግደል በመሞከር ጥፋተኛ ተብላ እስከ ዕለተ ሞቷ እንድትታሰር ተፈርዶባታል። በድጋሚ ችሎት በ2024 ሌላ የመግደል ሙከራ ተጨመረባት፤ ይግባኝ እንዲፈቀድላት ሁለት ጊዜ ጠይቃ አልተፈቀደላትም። ዲኤንኤ የለም፤ የሚመረመር ጨርቅ የለም፤ ያለው የሐኪሞች አስተያየት፣ የደም ምርመራ ቁጥርና የሥራ ፈረቃ ሰንጠረዥ ነው። ካናዳዊው የጨቅላ ሕፃናት ሐኪም ሹ ሊ 14 ባለሙያዎች ያሉበትን ቡድን መርተው በፌብሩዋሪ 2025 የግድያ ምልክት አላገኘንም አሉ። የሚከራከሯቸው ደግሞ ጁሪው ወራት ሙሉ ባለሙያዎችን መስማቱን፣ የልጆቹ ወላጆች ቁስል እንደገና መነካካቱን ያነሣሉ።

ለኮሚሽኑ የሚከብደው ጥያቄ ከዚህ ጭቅጭቅ ይጠብባል፦ ይህ አስተያየት «አዲስ» ነው ወይ? ሊ በ1989 በታተመ ጽሑፋቸው ስለ አየር እምቦሊዝም (አየር ደም ሥር ውስጥ መግባት) የቆዳ ምልክት ጽፈው ነበር፤ ጽሑፉ በክሱ ላይ ተጠቅሷል። እሳቸው በ2024 ለይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሊመሰክሩ ሲቀርቡ ዳኞቹ ምስክርነቱን አልተቀበሉትም፤ አንዱ ምክንያታቸው በመጀመሪያው ችሎት ሊቀርብ ይችል ነበር የሚል ነው። ባለሙያ ዘግይቶ ሲመጣ ሕጉ በጥርጣሬ ያየዋል፤ ሳይንሱ ትክክል ነው ወይ የሚለው ሁለተኛ ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ የጋዜጠኛ ጩኸት፣ የፓርላማ አባል ንግግርና የፊርማ ብዛት በዚህ መስኮት ዋጋ የላቸውም። ወሳኙ የእነ ሊ የሕክምና ዘገባ ለምን ቀደም ብሎ አልመጣም ለሚለው የሚሰጠው መልስ ነው።

መስኮቱ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ማህሙድ ሁሴን ማታን መመለስ ነው፤ ኮሚሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የመራው ጉዳይ ይህ ነው። ከሀርጌሳ የመጣ ሶማሌ መርከበኛ ነበር። በማርች 1952 ካርዲፍ ውስጥ አንዲት ባለሱቅ ተገደለች፤ ማታን በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 3 ቀን ተሰቀለ። የራሱ ጠበቃ ለጁሪው ባደረገው የመዝጊያ ንግግር «ግማሽ የተፈጥሮ ልጅ፣ ግማሽ በከፊል የሠለጠነ አረመኔ» ብሎታል። ዋናው ምስክር መጀመሪያ ለፖሊስ ያየው ሰው የወርቅ ጥርስ አለው ብሎ ነበር። ማታን የወርቅ ጥርስ አልነበረውም፤ ይህን የያዘው ቃል ለተከላካይ አልደረሰም። ባለቤቱና ልጆቹ 46 ዓመት ታገሉ። ኮሚሽኑ የፖሊሱን ፋይል ከፈተ፤ ፌብሩዋሪ 1998 ፍርዱ ተሻረ። ወረቀቱ የተገኘው አዲስ ቴክኖሎጂ ስለመጣ አይደለም፤ ፋይሉን ከመጀመሪያው ገጽ የሚያነብ ሰው ስለተገኘ ነው። በማልኪንሰን ጊዜ የጎደለውም ይኸው ንባብ ነበር።

ነጥብ ከተባለ፦ ለሥልጣኑ ከአምስት አምስት፣ ለዋጋው አምስት፣ ለፍጥነቱ አንድ፣ ለፋይል ንባቡ ሁለት።

ከተሻረ በኋላ ያለውን «አገልግሎት» ለብቻው ማየት ያስፈልጋል፤ ካሣው ሌላ መስኮት ነው። ከ2014 ወዲህ አመልካቹ ወንጀሉን አለመፈጸሙን ከጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አለበት፤ ፍርዱ መሻሩ ብቻውን አይበቃም። እስከ 2023 ድረስ ከካሣው ላይ በእስር ቤት የበላበትና ያደረበት ሊቀነስ ይችል ነበር፤ የማልኪንሰን ጉዳይ ያስነሣው ቁጣ ያን አስቀረው። አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ለታሰረ ሰው የነበረው ጣሪያ 1 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ በ2025 ወደ 1.3 ሚሊዮን ከፍ ብሏል። ለ10 ዓመትም ለ38 ዓመትም ጣሪያው ያው ነው።