ኤንኬይ አር ፒ ኤፍ 1 ዝቅ ባለ ሲቪክ ላይ፦ ኢቲ 45 ይሻላል ወይስ ኢቲ 35?

ሞላው አጥሮ ከ30 እስከ 40 ሚሊሜትር ዝቅ ላለ የስምንተኛው ትውልድ ሆንዳ ሲቪክ (ከ2006 እስከ 2011) ከሚመረጡት ቸርኬዎች አንዱ ኤንኬይ አር ፒ ኤፍ 1 ነው። የሚገባውም ስም ነው። 17 በ8 ኢንች ሆኖ ሳለ 7 ኪሎ ተኩል አይሞላም። ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ በኋላ ዙሪያው እየተሽከረከረ በሮለር ስለሚዳመጥ ሳስቶም ጥንካሬውን አያጣም። ቅለቱ ለዝቅተኛ መኪና ከማማር በላይ ጥቅም አለው፤ አጭሩ ሞላ ከሚያመጣው መንገጫገጭ ላይ ትንሽ ይቀንሳል፣ አሞርዛተሩ ሲወጣና ሲወርድ የሚገታው ክብደት አንሷልና።

ችግሩ ያለው ሲገዛ ነው። ይኸው ቸርኬ፣ በዚሁ 5 በ114.3 የቦሎን አሰላለፍ (አምስት ቦሎን በ114.3 ሚሊሜትር ክብ ላይ)፣ በኢቲ 45ም በኢቲ 35ም ይሸጣል። ኢቲ ማለት ቸርኬው ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመሃል አካል) ላይ የሚያርፍበት ፊት ከቸርኬው ስፋት መሃል በስንት ሚሊሜትር ወደ ውጭ እንደራቀ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቸርኬው ወደ ውጭ ይወጣል። ብዙ ሰው በፎቶ አይቶ 35ቱን ያዛል፤ ከፓራፋንጎው እኩል ወጥቶ ሲታይ ያምራላ! የፋብሪካው ቸርኬ 16 በ6.5፣ ኢቲ 45 ነው። ወደ 8 ኢንች ሲኬድ ስፋቱ በ38 ሚሊሜትር ያድጋል። ኢቲው 45 ላይ ከቆየ 19ኙ ወደ ውጭ፣ 19ኙ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ኢቲ 35 ከሆነ ግን ወደ ውጭ 29፣ ወደ ውስጥ 9 ይሆናል። ባልወረደ መኪና 29 ሚሊሜትር የሚቻል ነው። ዝቅ ባለው ላይ፣ ከኋላ ሦስት ሰው ተቀምጦ ጎማው ወደ ላይ ሲገባ፣ የፓራፋንጎው የውስጥ እጥፋት የጎማውን ትከሻ እንደ መላጫ ይልጠዋል። ስለዚህ ኢቲ 45 ይግዙ፤ 35ቱን የፓራፋንጎውን ጠርዝ ለማስተኛት ለቆረጠ ሰው ይተዉለት። ያም ቢሆን ቀለሙ በሞቃት አየር ማሞቂያ ሳይሞቅ ከተጫኑት ይሰነጠቃል፣ ከስንጥቁም ዝገት ይጀምራል።

ኢቲ 45ም የራሱ ጣጣ አለው። ወደ ውስጥ የገባው 19 ሚሊሜትር የፊት አሞርዛተሩን ይጠጋል። ከፍታው የሚስተካከል ዓይነት ከተገጠመ፣ መኪናው ዝቅ በተደረገ ቁጥር የሞላው መቀመጫም ወርዶ ከጎማው ጎን ይደርሳል። በጎማውና በመቀመጫው መካከል ቢያንስ 5 ሚሊሜትር ይኑር። ካልሞላ በሞዞውና በቸርኬው መካከል የሚገባ የ3 ሚሊሜትር ስፔሰር (ስስ ሰሌዳ) ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲወፍር የሞዞውን አጭር አንገት እየዋጠ የመሃል ቀለበቱ (የቸርኬውን መሃል ቀዳዳ ከሞዞው አንገት ጋር የሚያገጥመው) የሚይዘው ያጣል፤ የቦሎኑም ጥርስ ያጥራል። በኤም 12 በ1.5 ቦሎን ላይ ዳዶው ቢያንስ 8 ሙሉ ዙር መግባት አለበት። 8 ካልሞላ ስፔሰሩ ይውጣ፣ ወይም ረጅም ቦሎን ይገጠም።

ስለ መሃል ቀለበት ከተነሳ፦ የቸርኬው መሃል ቀዳዳ 73 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የሲቪኩ ሞዞ 64.1። ያለ ቀለበት ቸርኬው በዳዶዎቹ ብቻ ይንጠለጠላል፣ ከመሃል ትንሽ ካመለጠም ፍጥነት ሲጨምር መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ባላንስ ደጋግሞ ማሠራት ይህን አያድነውም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ዳዶው ነው። የሆንዳ የፋብሪካ ዳዶ መቀመጫው እንደ ኳስ ክብ ነው፤ የአር ፒ ኤፍ 1 ቀዳዳ ግን 60 ዲግሪ ሾጣጣ። ክቡ ዳዶ ሾጣጣው ውስጥ ሲገባ የሚነካው በቀጭን መስመር ብቻ ነው። ሲጠብቅ የያዘ ይመስላል፣ ከተነዳ በኋላ ይላላል፣ ቀዳዳውንም ይበላዋል። ስለዚህ 20 አዲስ ሾጣጣ ዳዶ ከቸርኬው ጋር አብሮ ይገዛ። ቀዳዳው ጥልቅና ጠባብ ስለሆነ ሲገጠም ግድግዳው ቀጭን የሆነ ሶኬት ያስፈልጋል፤ ወፍራሙ የቸርኬውን ቀለም ይፍቃል። የሞዞው ፊት በሽቦ ብሩሽ ይጽዳ፣ ዳዶዎቹ በእጅ ይጀመሩ፣ እያፈራረቁ በኮከብ ቅርጽ ይጥበቁ፣ በመጨረሻ በቶርክ መፍቻ 108 ኒውተን ሜትር ይሰጣቸው። ከ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ እንደገና ይፈተሹ።

ለጎማ 215/45 አር 17 ጥሩ ነው፤ ከፋብሪካው 205/55 አር 16 ጋር የዲያሜትር ልዩነቱ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ግን ጎኑ ላይ ያለውን የጭነት ቁጥር ይዩ። 87 የተጻፈበት 545 ኪሎ ይሸከማል፣ የፋብሪካው 91 ደግሞ 615። ስለዚህ 91 ኤክስ ኤል (ለተጨማሪ ጭነት የተጠናከረ) ይመረጥ፤ ያንኑ ጭነት ለመሸከም ከፍ ያለ ንፋስ ስለሚፈልግ በበሩ ላይ የተጻፈው ልክ አይበቃውም።

ከመንዳት በፊት አንድ ፈተና አለ። ሞላው ወጥቶ አሞርዛተሩ ባዶውን ይገጠም፣ ሞዞው በክሪክ እስከ መጨረሻው ይነሳ፣ መሪው ከዳር እስከ ዳር ይዙር። ፊት ላይ መጀመሪያ የሚነካው ብዙ ጊዜ መከላከያውና ፓራፋንጎው የሚጋጠሙበት ቪቴ ነው፤ እሱን ማዛወር ቀላል ሥራ ነው። አላይመንት የሚሠራው ሞላው ሥራ ይዞ ከረጋ በኋላ ነው። ዝቅ ያለ መኪና ጎማ በውስጥ በኩል ሲበላ ሁሉም የሚወቅሰው ካምበሩን (የጎማውን አናት ወደ ውስጥ መዘንበል) ነው፤ በቶሎ የሚጨርሰው ግን የተዛባ ቶ (ከላይ ሲታይ የጎማው ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ) ነው።

የድሮዎቹን ዳዶዎች አይጣሉ። ትርፍ ጎማው አሁንም የፋብሪካ ቸርኬ ነው፣ መቀመጫውም ክብ ነው። አምስቱ ከቀጭኑ ሶኬት ጋር በአንድ ከረጢት ከትርፍ ጎማው አጠገብ ይቀመጡ።