ለአሮጌ ቮልስ የትኛው ይሻላል፦ ሶሌክስ፣ መሃል የሚቀመጠው ዌበር ወይስ ጥንድ ካርቡሬተር?

በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለችውን መኪና አድሶ መንዳት የድሮ መኪና ወዳጆች ጨዋታ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ቮልስ ያለው ሰው ጥያቄው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ዳገት ላይ ትደክማለች፤ ትልቅ ካርቡሬተር ብገጥምላት ትበረታ ይሆን?» ሻጩ «እንዴታ!» ይላል። እኔ ለአብዛኛው ሰው «ቆይ ገና ነው» እላለሁ። ምክንያቱን ከአየሩ እንጀምር።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ 50 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣ ባለ 1600 ሲሲ ሞተር እዚህ ሲደርስ 38 አካባቢ ይቀረዋል ማለት ነው። ያንን ማንም ካርቡሬተር አይመልሰውም፤ ካርቡሬተር የመጣለትን አየር ከቤንዚን ጋር ያዋህዳል እንጂ አየር አይጨምርም። ችግሩ በዚህም አያበቃም። ፋብሪካው ለዝቅተኛ አገር የመጠነው ካርቡሬተር እዚህ ላለው ስስ አየር ከሚገባው ከ10 በመቶ በላይ ትርፍ ቤንዚን ይሰጣል። ካንዴላው ጥላሸት የሚለብሰው፣ ማርሚታው ጥቁር የሚያጨሰው፣ ቤንዚኑም ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው በዚህ ነው። «ደከመች» ከምንለው ውስጥ ይህኛው ሊስተካከል የሚችል ድካም ነው፤ መድኃኒቱም ትልቅ ካርቡሬተር ሳይሆን አነስ ያለ ጄት፣ ማለትም ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑ የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ብሎን፣ ነው።

መጀመሪያ ቴስታታውን እዩ

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን ሞተር ለዩ። የድሮው ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ሁለት ሲሊንደር በአንድ መግቢያ የሚመግብ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1971 ሞዴል ጀምሮ በ1300ና በ1600 ላይ የመጣው ደግሞ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ መግቢያ አለው። ለመለየት ምንም መፍታት አያስፈልግም። የኋላውን ኮፈን ከፍታችሁ ማኒፎልዱ (ከካርቡሬተሩ ወደ ቴስታታው የሚሄደው ቧንቧ) ቴስታታው ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ተመልከቱ። ቱቦው ሳይከፈል ከገባ የድሮው ነው፤ ጫፉ እንደ ሱሪ እግር ለሁለት ተከፍሎ፣ ከመሃለኛው ቱቦ ጋር በጥቁር ጎማ ከተያያዘ ግን ባለ ሁለት መግቢያው ነው።

ባለ አንድ መግቢያ ሞተር ያለው ሰው ከዚህ በታች ከማወራው አብዛኛው አይመለከተውም። ጠባቡ በር ቴስታታው ስለሆነ፣ በላዩ ላይ ሰፊ ካርቡሬተር መጫን ገንዘብ ማባከን ነው። ባለ 30 ሚሊሜትሩ ማኒፎልድ ላይ ባለ 34ቱን ካርቡሬተር ለማሰር የሚሸጠው መሃል ገብ ቁራጭም ያው ነው፤ አየሩ ሰፊ ካርቡሬተር አልፎ ጠባብ ቱቦ ላይ ይሰናከላል። በ1500 የምትነዱ ከሆነ ግን አንድ ጥሩ መንገድ አለ፦ የ1600 ባለ ሁለት መግቢያ ቴስታታ በእናንተ ሲሊንደር ላይ ይገጥማል። ማኒፎልዱንና የሲሊንደሩን መሸፈኛ ላሜራ አብራችሁ መቀየር አለባችሁ እንጂ፣ ቮልስን በእውነት የሚያሻሽል ሥራ ነው። 1300 ላይ ይህ አይሆንም፤ ሲሊንደሩ ቴስታታው ውስጥ የሚቀመጥበት ስፋት ይለያያል።

ሶሌክስ 34፣ ከነማኒፎልዱ

ባለ ሁለት መግቢያው 1600 ከፋብሪካ የወጣው በሶሌክስ 34 ፒክት-3 ነው። ጉሮሮው፣ ማለትም ቬንቱሪው፣ 26 ሚሊሜትር ነው፤ የድሮው 30 ፒክት 24 ነበር። ለአንድ ሰው ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት፣ አልፎ አልፎም አዳማ ድረስ ለሚነዳ፣ ከዚህ የተሻለ ምርጫ አላውቅም። ቅድመ ሁኔታዎች ግን አሉት።

የመጀመሪያው ጄቱ ነው። ጄቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳዋ ስፋት ነው፤ 127.5 ማለት 1.275 ሚሊሜትር። የአዲስ አበባን አየር ይዘን ስናሰላው ዋናዋ ጄት ከ127.5 ወደ 120 አካባቢ መውረድ አለባት። ከከተማ ለማትወጣ መኪና 120 ወይም 122.5 አድርጉ። ወደ አዋሽ ወይም ወደ አባይ በረሃ ለሚወርድ ሰው ግን ይህ አደጋ አለው። ታች ያለው አየር ወፍራም ነው፤ ቤንዚኑ ሲያንስበት ሞተሩ ይግላል፣ ይህን ሞተር የሚያቀዘቅዘው ደግሞ ንፋስ ብቻ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1971 በፊት በነበሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የሦስተኛዋን ሲሊንደር ንፋስ ስለሚጋርድ፣ ቫልቩ የሚቃጠለው መጀመሪያ እዚያ ነው። ለእንዲህ ያለ ተጓዥ 125 ትበቃዋለች፤ ከተማ ውስጥ ትንሽ ትርፍ ቤንዚን ብትበላ ይሻላል። ወይም ሁለቱንም ጄት ይዛችሁ ሂዱ፤ መቀየሩ ቁልፍ ለያዘ ሰው የደቂቃዎች ሥራ ነው። ካንዴላውን ፈትታችሁ ነጩ ሸክላ ፈዘዝ ያለ ቡና ዓይነት ከሆነ ልክ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ነጣ ካለ አንሷል።

ሁለተኛው ማኒፎልዱ ነው፤ ብዙ መካኒክ የሚዘለው ይህንን ነው። በቮልስ ማኒፎልድ ሥር፣ ከማርሚታው ትኩስ ጭስ የሚያመጣ ቀጭን ቱቦ አለ። ሥራው ረጅሙን ቧንቧ ማሞቅ ነው፤ ካልሞቀ ቤንዚኑ ወደ ጠብታ ተለውጦ ቧንቧው ውስጥ ይተኛል። በክረምት፣ አየሩ እርጥብ ሆኖ ጠዋት 10 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ካርቡሬተሩ አንገት ላይ በረዶ እስከ መሥራት ይደርሳል። መኪናዋ ተነስታ ትንሽ ከሄደች በኋላ ሚኒሞ (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ዙር) አልይዝ ብላ ትጠፋለች፤ ቆማ ከሞቀች በኋላ ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። ባለቤቱ ካርቡሬተር ይቀይራል፤ ጥፋቱ ግን በካርቦን የተደፈነው ማሞቂያ ቱቦ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ የቱቦውን ሁለት ጫፍ በጥንቃቄ ዳሰስ አድርጉ። ሁለቱም የሚፋጅ መሆን አለበት። ስፖርት ማርሚታ ያስገባችሁ ከሆነ ደግሞ ይህ ቱቦ ጭራሽ ሳይያያዝ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የጎማ መጋጠሚያዎቹንም እዩ፤ ከተሰነጠቁ አየር ይስባሉ፣ ሚኒሞም አይስተካከልም። ከሁሉም ርካሹ ዕቃ እነሱ ናቸው።

ሦስተኛው ዲስትሪቢዩተር፣ ማለትም ብልጭታውን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው፣ ነው። 34 ፒክት-3 ከካርቡሬተሩ በቀጭን ጎማ ቫክዩም (የመሳብ ኃይል) ከሚወስድ ዲስትሪቢዩተር ጋር እንዲሠራ የታሰበ ነው። ቫክዩም የሌላት ቦሽ 009 ዲስትሪቢዩተር ከዚህ ካርቡሬተር ጋር ስትጣመር፣ ከቆመችበት ቤንዚን ስትሰጧት ለአፍታ ደንዘዝ ትላለች። በጄት የማይድን በሽታ ስለሆነ፣ ካርቡሬተር ላይ የምታወጡትን ብር መጀመሪያ እዚህ አውሉት።

መሃል የሚቀመጠው ዌበር 32/36

ይህ ሰው በፎቶ አይቶ የሚወደው ነው። ሁለት ጉሮሮ አለው፤ 32 ሚሊሜትሩ በር ቀድሞ ይከፈታል፣ 36ቱ ፔዳሉ ጠለቅ ብሎ ሲረገጥ ይከተላል። ካርቡሬተሩ በራሱ ድንቅ ነው፤ ውሃ በሚያሞቀው አጭር ማኒፎልድ ላይ፣ በብዙ ባለ አራት ሲሊንደር መኪኖች ላይ፣ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ቮልስ ላይ ግን ያው ረጅም ቧንቧ አናት ላይ ተቀምጦ፣ የበለጠ ቤንዚን ወደ ቀዝቃዛ ቱቦ ያፈሳል። ኪቱ (ከካርቡሬተሩ ጋር አብሮ የሚሸጠው ዕቃ) ማሞቂያ ቱቦ ከሌለው አትግዙ፤ ቢኖረውም ከማርሚታችሁ ጋር መገጣጠሙን ሳታዩ ገንዘብ አትስጡ። ከሶሌክስ ጋር ሲነጻጸር የሚጨምረው ጉልበት በመጨረሻው የፔዳል ክፍል ላይ ብቻ ነው፤ መገናኛ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ለሚሳብ ሰው ምንም አይጠቅመውም። ከሦስቱ የማልመክረው ይህንን ነው።

ጥንድ ካርቡሬተር

እዚህ ላይ ማኒፎልዱ ራሱ ይቀየራል፤ ረጅሙ ቧንቧ ወጥቶ በየቴስታታው ላይ አጭር ማኒፎልድ ይቀመጣል፣ በላዩ ካርቡሬተር። መንገዱ አጭር ስለሆነ ቤንዚኑ የሚተኛበት ቦታ የለም፤ ማሞቂያ ቱቦም አያስፈልግም። ጉልበት በእውነት የሚጨመረው እዚህ ነው፤ ልዩነቱም ዳገት ላይ ይታወቃል።

የብራዚሉ ካድሮን 28 ሚሊሜትር ጉሮሮ ሲኖረው፣ ዌበር 34 አይሲቲ 29 አለው። ሁለቱም ለጤነኛ 1600 ልክ ናቸው። የዌበር 40 አይዲኤፍ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ ጉሮሮ ይሰጣል፤ ፒስተኑ ወደ 90.5 አድጎ 1776 ለተደረገና ካም (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ለተቀየረለት ሞተር ካልሆነ ግን ጌጥ ነው፤ ጄቱም በዝቶ ሰው ያደክማል።

| | ሶሌክስ 34 | ዌበር 32/36 | ጥንድ (ካድሮን፣ 34 አይሲቲ) |
|---|---|---|---|
| ጉሮሮ በሚሊሜትር | 26 | 26ና 27 | 28 ወይም 29 በየጎኑ |
| ማሞቂያ ቱቦ | ግዴታ | ግዴታ፣ ግን የማይዘው ኪት አለ | አያስፈልግም |
| ኦሪጅናሉ ባለ ዘይት አየር ማጣሪያ | ይገባል | አይገባም | አይገባም |
| ማስተካከል | ማንኛውም የቮልስ መካኒክ | ዌበር የሚያውቅ | ታጋሽና መለኪያ ያለው |

ሠንጠረዡ ላይ ሦስተኛውን ረድፍ አትዝለሉት። ፋብሪካው የሠራው ባለ ዘይት ማጣሪያ አቧራ በመያዝ እስካሁን የሚያሳፍር አይደለም። ጥንድ ኪት ግን ትንንሽ የስፖንጅ ማጣሪያ ይዞ ይመጣል፤ ኮረኮንች መንገድ የምትወጡ ከሆነ ያ አቧራ ፒስተን ቀለበት ላይ ያርፋል።

ሌላው ጣጣ ማመሳሰሉ ነው። ሁለቱ ካርቡሬተሮች እኩል አየር መሳብ አለባቸው። ሞተሩ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሁለቱን የሚያያይዘው ዘንግም አብሮ ይዛባል። ስለዚህ የሚስተካከለው ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ በአየር መለኪያ ነው፤ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ በጆሮ አስተካክሎ የሚመልስላችሁን መካኒክ አትመኑ። የቤንዚን ፓምፑ ግፊትም ለዌበር ከ3.5 ፒኤስአይ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ከበለጠ በፓምፑ ሥር ጓርኒሲዮን በመደራረብ ይቀንሳል። ካድሮን ቾክ የለውም፤ በክረምት ጠዋት ፔዳሉን ደጋግሞ ረግጦ፣ ትንሽ ታግሶ መነሳት ነው። ለከፍታው ጄት ማሳነሱም እዚህ ይሠራል፤ ግን ለሁለቱም ካርቡሬተር መግዛት አለባችሁ።

ስለዚህ ሞተሯ ጤነኛ፣ ቴስታታዋ ባለ ሁለት መግቢያ፣ ባለቤቷም እጁን ዘይት ማስነካት የሚወድ ከሆነ 34 አይሲቲ ይግዛ። ቀሪው ሰው ሶሌክሱን ያድስ።

ሶማሌ ተራ ስትሄዱ

በዚህ የመለዋወጫ ገበያ ያገለገለ ሶሌክስ ስትይዙ መጀመሪያ የምትነኩት ፔዳሉ የሚከፍተውን በር ዘንግ ነው። ጫፉን በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ከተወዛወዘ በዚያ ክፍተት አየር ይገባል፤ ምንም ጄት አይፈውሰውም። መጣል ግን የለበትም፤ ጥሩ ቶርኖ ቤት ቀዳዳውን አስፍቶ የነሐስ ቡሽ ያስገባበታል። ዋጋውን ስትከራከሩ ያንን ወጪ ቀንሱለት። ከዚያ ቤንዚን የሚገባበትን አጭር የነሐስ ቱቦ ያዙና ዞር ለማድረግ ሞክሩ። ከላላ ወይም ከዞረ፣ በጥብቅ ሳታሳስሩት እንዳትገጥሙት፤ እየነዳችሁ ተስፈንጥሮ ከወጣ ቤንዚኑ የሚፈሰው ዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ፣ በጋለ ሞተር ላይ ነው።