ዊተን፣ ቤይለር ወይስ ኖተር ዴም? ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ለሚመርጡ

ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ የሚፈልግ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የየትኛው ቤተ እምነት ነው?» ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን አራቱን ዓመት እንዴት እንደሚኖር አይነግረውም። ያንን የሚነግረው ሌላ ጥያቄ ነው፦ እዚህ ግቢ ውስጥ እንዲያምን የሚጠበቀው ማነው? መምህሩ ነው? ተማሪው ጭምር ነው? ወይስ ለራሱ የተተወ ነው? ሦስት የታወቁ የአሜሪካ ተቋማትን ጎን ለጎን እንያቸው።

ዊተን ኮሌጅ በ1860 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኢሊኖይ ውስጥ ተመሠረተ። ወንጌላዊ ነው፤ የአንድ ቤተ እምነት ግን አይደለም። መምህራኑና ሠራተኞቹ የእምነት መግለጫውን በየዓመቱ ያጸናሉ። ተማሪውም የአብሮ መኖር ቃል ኪዳን ይቀበላል። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከሆነ መጠጥና ሲጋራ አይነካም፤ ግቢ ውስጥም ከግቢ ውጭም። የዳንስ ምሽት እንኳ የተፈቀደው በ2003 ነው። በሳምንት ከአንድ ቀን በላይ ቻፕል፣ ማለትም የጋራ የአምልኮ ጉባኤ፣ አለ፤ መቅረት የሚቻለውም ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው።

ቤይለር ከዚህ ላላ ይላል። በ1845፣ ቴክሳስ ገና ለብቻዋ ሪፐብሊክ ሳለች፣ ባፕቲስቶች የመሠረቱት ነው። ዛሬ ከ20,000 በላይ ተማሪ አለው። የሌላ እምነት ተከታይም ይገባል። ሆኖም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ሁለት ሴሚስተር ቻፕል ይገባል፤ አንድ ኮርስ ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ አንድ ደግሞ ስለ ክርስትና ታሪክና ትውፊት ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ምርጫው የራሱ ነው።

ኖተር ዴም በ1842 ኢንዲያና ውስጥ የተመሠረተ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነው። ቅዳሴ ማስቀደስ ግዴታ አይደለም። ሁለት የነገረ መለኮት ኮርስና ቢያንስ አንድ የፍልስፍና ኮርስ ግን አይቀሩም። እምነቱ የሚታየው ከሁሉ በላይ ዶርም ውስጥ ነው። ተማሪው ስድስት ሴሚስተር ግቢ ውስጥ ይኖራል። የወንድና የሴት ሕንፃ የተለያየ ነው፤ በሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ሲሆን የተቃራኒ ጾታ እንግዳ ይወጣል። በየሕንፃው የራሱ የጸሎት ቤት አለ። ማስቀደስ የፈለገ ልጅ ከክፍሉ በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወርዶ ይገባል። እኔ ከሦስቱም በጣም የምወደው ይህን ነው። መምጣት መቅረቱን ማንም አይቆጥርበትም፤ በሩ ግን ቅርብ ነው።

ትምህርቱስ? እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል። ክፍሉን በጸሎት መክፈት ብቻውን ትምህርቱን ክርስቲያናዊ አያደርገውም። መምህሩ ጸልዮ ከጨረሰ በኋላ የኢኮኖሚክስ ትምህርቱ የትም ከሚሰጠው ጋር አንድ ከሆነ፣ የተጨመረው ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ የምትማሩትን ዲፓርትመንት የሦስተኛ ዓመት ኮርስ ዝርዝር አስልኩ። ምን ያስነብባሉ? ድህነትን፣ ዝግመተ ለውጥን፣ የሕክምና ሥነ ምግባርን እንዴት ያነሳሉ? ዊተን ላይ ይህ ከመምህሩ በግልጽ ይጠበቃል፤ ኮሌጁ ትንሽ ስለሆነም ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት ይቀላል። ኮንሰርቫቶሪ የሚባል የሙዚቃ ትምህርት ቤትም አለው። ምህንድስና ወይም ትልቅ ላብራቶሪ የምትፈልጉ ግን ወደ ሌሎቹ ሁለቱ ብታዩ ይሻላል። ቤይለር በ2021 ከአገሪቱ ከፍተኛ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ተርታ ገብቷል፤ ኖተር ዴምም የቆየ የምህንድስና ኮሌጅ አለው።

ሌላ ቦታ የምታዩ ከሆነ ዕውቅናውን አስቀድማችሁ አጣሩ። አንዳንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተቀባይነት ያለው ዕውቅና የለውም። እዚያ የተገኘ ዲግሪ ማስተርስ ለመቀጠል በር ሊዘጋ ይችላል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። በ19 ዓመቱ እምነቱ የሚናወጥ ልጅ ብዙ ነው። ሁሉም በፈረመበት ግቢ ጥርጣሬውን ለማን ይናገር? አንዱ የሚያዳምጥ መምህር አግኝቶ ጠንክሮ ይወጣል። ሌላው አፉን ዘግቶ አራት ዓመት ያስመስላል። ሰፊና የተደባለቀ ግቢ ውስጥ ደግሞ መጠራጠር ቀላል ነው፤ የሚጠይቃችሁ ሰው አለመኖሩ ነው ክፋቱ። ልጁ ዝምተኛና ሰው ለማስደሰት የሚጥር ከሆነ ቃል ኪዳን የሚያስፈርም ቦታ አልመክርም። የቅርብ ማኅበር ከሌለ የሚጠፋ ዓይነት ከሆነ ግን ዊተንን የመሰለ ቤት ያቆመዋል። ቃል ኪዳኑን ከመቀበሉ በፊት ጮክ ብሎ ያንብበው፤ አንዱ መስመር ላይ ድምፁ ካነሰ እዚያው ቆሙና ተነጋገሩ።

ግቢውን ለመጎብኘት ከሄዳችሁ ከአስጎብኚው ተለዩ። ቤይለርን በመሰለ ግቢ የቻፕል ግዴታውን የጨረሰ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጉና አንድ ነገር ጠይቁት፦ «አሁንም ትሄዳለህ?»