የከፋ ኮረሪማ፦ ሳይፈለፈል ግዙት

«ከአንድ አካባቢ፣ ከአነስተኛ የገበሬ ማሳ» እየተባለ ታሽጎ የሚሸጥ ቅመም በዝቷል። እዚህ የምናየው ከከፋ የሚመጣውን ኮረሪማ ነው፤ አብሮት የሚሸጠውን ጥምዝም በአጭሩ። ኮረሪማውን ከነቅርፊቱ ከሆነ ግዙት፣ ዋጋውን ያወጣል። የተፈጨውን ግን ከየትም ይምጣ፣ እዚያው መደርደሪያው ላይ ተዉት።

ኮረሪማ የዝንጅብል ዘመድ ነው። ጥላ ስለሚወድ በከፋ ደን ውስጥና በቡና ጥላ ዛፎች ሥር ይመቸዋል፤ አበባውና ፍሬው የሚወጡትም ከተክሉ ግርጌ፣ ከመሬቱ ጥግ ነው። አብዛኛው ገበሬ ማዳበሪያም ሆነ ፀረ ተባይ አያስነካውም። ይህ ግን የምስክር ወረቀት አይደለም፦ እሽጉ ላይ «ኦርጋኒክ» ከተባለ ያረጋገጠው ድርጅት ስምና ቁጥር አብሮ መታተም አለበት፣ አለዚያ ቃሉ ጌጥ ነው። «ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ» የሚል ጽሑፍም ብዙ አይነግርም። ወረዳውንና የተለቀመበትን ወር ፈልጉ።

ኮረሪማ በዋናነት የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ለቀማው ነው። ፍሬው ደማቅ ቀይ እስኪሆን መጠበቅ ሲገባ፣ ጦጣም ሌባም እንዳይቀድም እየተባለ በጥሬው ይቀነጠሳል። ከደረቀ በኋላ ሁለቱም ቡናማ ስለሚመስሉ ከውጭ አይለዩም፤ ሰንጥቆ ማየት ነው። የበሰለው ዘር ሞላ ያለ፣ ጠቆር ብሎ የሚያብረቀርቅ ነው። ጥሬ የተለቀመው ነጣ ያለና የተጨማደደ ሲሆን በጥርስ ሲነክሱትም ሽታው አይነሳም።

ሁለተኛው ማድረቁ ነው። ቅርፊቱ ወፍራም ስለሆነ ውስጡ ቶሎ አይደርቅም፤ መሬት ላይ ከተሰጣ አፈርና ሻጋታ ይይዛል፣ ሳይደርቅ ከታሸገ ደግሞ ላስቲኩ ውስጥ ያልበዋል። ምድጃ ላይ የተሰቀለው ጭስ ይጠጣል። ለቅቤ ይህን የሚወድ አለ፣ ለቡና ግን አይሆንም። ገበያ ላይ በክር ተሰክቶ የሚንጠለጠለውን ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩት፦ ክሩ ባለፈበት ቀዳዳ ዙሪያ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ፣ ወደ ቀዳዳው የቀረቡት ዘሮች ደብዝዘዋል። ሽታው የሚወጣው፣ እርጥበቱ የሚገባው በዚያ ነው። ከፍ ባለ ቆጥ ላይ፣ ሳይበሳ የደረቀ ኮረሪማ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፤ ለእኛ የዋጋው ልዩነት ትክክለኛ ምክንያትም ይኼ ነው፣ እሽጉ ላይ ያለው የገበሬ ፎቶ አይደለም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለ1 ኪሎ ቅቤ ከ5 እስከ 6 ፍሬ ፈልፍሉ። ዘሩን በለዘብተኛ እሳት ለ1 ወይም ለ2 ደቂቃ አመስ አመስ አድርጉና ሽታው ሲነሳ አውርዱ፤ ከከረረ ይመርራል። ሳይቀዘቅዝ አትውቀጡት፣ ትኩሱ ዘር ቅባቱን እየለቀቀ ሙቀጫው ላይ ይለጠፋል። በኤሌክትሪክ መፍጫ የምትፈጩም ከ5 ሰከንድ በላይ ሳትቆዩ አቋርጡ፣ ማሽኑ ራሱ ያሞቀዋል። ቅቤው ውስጥ የሚገባው አረፋው ከተገፈፈ በኋላ ነው። ኮረሪማ ሲጠፋ ሄል የሚተኩ አሉ፤ ሄል ለሻይ ጥሩ ነው፣ ለክትፎ ግን ሌላ ምግብ ያደርገዋል።

ጥምዙ የቁንዶ በርበሬ ዘመድ ነው፣ ከሱ ግን ይረዝማል። ሲሰብሩት ቀጭ ማለት አለበት፤ ከተጣጠፈ እርጥበት ይዟል። ኃይለኛ ስለሆነ ለ4 ሰው ወጥ የተፈጨው ሩብ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፣ እሱም በመከለሻ መልክ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል። ትልቁን እሽግ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

አንድ ቅሬታ አለን፦ እሽጉ ላይ 100 ግራም ሲባል ከነቅርፊቱ ነው። ዋጋውን ከተፈለፈለው ጋር የምታወዳድሩ ከሆነ አሥር ፍሬ ፈልፍላችሁ ዘሩን ብቻ መዝኑ። ከዚያ የተረፈውን በጠርሙስ ከድናችሁ ከምድጃ አርቁት፤ የምትፈለፍሉትም የዕለቱን ብቻ ይሁን።