ዘፋኝ ከሌለባቸው ስድስት አልበሞች የቱን ቀድማችሁ ትገዛላችሁ?

የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ሸክላ ማጫወቻ ገዛ። ገና ከካርቶኑ እንዳወጣው ደወለልኝና «ዘፋኝ የሌለበት፣ ማታ ከሥራ ስገባ የምሰማው የአገራችንን ሙዚቃ ምረጥልኝ፤ ለጊዜው ከአንድ ወይም ከሁለት በላይ አልገዛም» አለኝ። በስልክ ብዙ ተከራከርን። ያን ዕለት የነገርኩትን ረጋ ብዬ ጻፍኩት፤ እንደ እሱ ለመግዛት ያሰበ ሰው ይጠቅመው ይሆናል። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው ያስቀመጥኳቸው።

ስለ እነዚህ አልበሞች ከሚጻፈው ምክር አብዛኛው የውጭ አገር ሰው የጻፈው ነው። እነሱ የሚሰሙት ዜማውን ነው፤ እኛ ግን ከዜማው ሥር ያለውን ግጥም ጭምር እናውቀዋለን። ሙላቱ «ኩሉን ማን ኳለሽ»ን ሲጀምር የውጩ አድማጭ ስለ ጃዝ ያስባል፤ እናቴ ደግሞ ከማድ ቤት ሆና ትቀበለዋለች። ስለዚህ ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፦ አልበሙ አፋችሁ ላይ ያለውን ዘፈን ምን ያህል ይቀሰቅስባችኋል? እንግዳ ሲመጣ ለሚሰማው ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። መጽሐፍ ይዞ ለሚቀመጥ ሰው ግን ልብ ይከፍላል።

የሙላቱ ሁለቱ

ሙላቱ አስታጥቄ ጅማ ተወልዶ፣ ምህንድስና እንዲማር ወደ ዌልስ ተልኮ፣ ሐሳቡን ቀይሮ ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ከዚያም ቦስተን በርክሊ ሙዚቃ የተማረ ሰው ነው። «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለው አልበሙ በ1972 ኒውዮርክ ላይ ወርዚ በሚባል አነስተኛ አሳታሚ ወጣ። ሰባት ሥራ ብቻ ነው ያለበት፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ኮንጋው የላቲን ነው፣ ቅኝቱ የኛ ነው፣ በመካከል ቫይብራፎን (በመምቻ የሚመታ ባለ ብረት ቁልፍ መሣሪያ) እና ዋሽንት መሰሉ ፍሉት ይመላለሳሉ። «መስከረም ሲጠባ» እና «ኩሉን ማን ኳለሽ» አጫጭር ናቸው፤ ሰፊው «ጭፈራ» ነው፣ ወደ ሰባት ደቂቃ ይጠጋል። አልበሙ እንደ አንድ ሐሳብ ተነሥቶ እንደ አንድ ሐሳብ ያልቃል። ለሸክላ የተሠራ ነው የምለውም ለዚህ ነው፤ ተነሥቶ መገልበጡ እንኳ ያምርበታል።

ሁለተኛው ብዙ ሰው ሙላቱን ያወቀበት «ኢትዮፒክስ» ቁጥር 4 ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ለአሳታሚው ቡዳ ሙዚክ ያዘጋጀው ተከታታይ ስብስብ አካል ሆኖ በ1998 ወጣ፤ አምሐ እሸቴ በአምሐ ሪከርድስ ካሳተማቸው ሸክላዎች የተለቀመ ነው። «የከርሞ ሰው»፣ «የእገሌ ትዝታ» እና «ጉብልዬ» እዚህ ናቸው። አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ በ2005 ፊልሙ ውስጥ ከተጠቀመባቸው በኋላ እነዚህ ሥራዎች ኢትዮጵያን በካርታ ላይ እንኳ ፈልጎ የማያገኝ ሰው ጆሮ ደርሰዋል። አሥራ አራት ሥራ ስላለው ከኒውዮርኩ ሁለት እጥፍ ይረዝማል፤ ስሜቱም ይለያል፣ ናስ መሣሪያዎቹ ይከብዳሉ፣ ትዝታው ይበዛል።

ገዢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። «ካሳለፍኩት ሁሉ»፣ «ሙናዬ» እና «ደወል» የተባሉት ርዕሶች በሁለቱም አልበሞች ላይ አሉ። የኒውዮርኩ ሰባት ብቻ ስለሆነ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም ማለት ነው። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ ሁለተኛውን ቆይታችሁ ብትገዙ ይሻላል። በሲዲ ወይም በስልክ የሚሰማ ሰው ቁጥር 4ን ይውሰድ፤ ብዙ ያገኝበታል። ሸክላ ማጫወቻ ያለው ግን የኒውዮርኩን። ስትሩት የተባለው አሳታሚ በ2017 በድጋሚ ሲያሳትመው ሦስት ሸክላ የሆነ እትምም አውጥቷል፤ ስቴሪዮውን፣ ሞኖውንና ከቀረጻው የተረፉ ሙከራዎችን የያዘ። ለአጥኚ ግሩም ነው፤ ለመጀመሪያ ገዢ አያስፈልግም።

የኃይሉ መርጊያ ሁለቱ

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ከአክስቴ ልጅ ጋር የተከራከርነውም በዚህ ነው።

«ቼ በለው» የ1977 ሥራ ነው፤ ኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ ከዋልያስ ባንድ ጋር ሆኖ ለካይፋ ሪከርድስ የሠራው። ዋልያስ አዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት የነበረ ባንድ ነው። ዘመኑ የደርግ፣ ሌሊቱ የሰዓት እላፊ ነበር፤ የመሸበት ታዳሚ እስኪነጋ ከሆቴሉ ስለማይወጣ ባንዱም አብሮ ያድር ነበር። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው አልበሙን ሲሰማ የሚገርመው ርጋታው ነው። የኃይሉ ኦርጋን አይቸኩልም፤ የመላከ ገብሬ ቤዝ ከሥር ሆኖ ይገፋል፣ የሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን ይመልሳል፣ ሙላቱም ቫይብራፎን ይዞ አለበት። «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው የግርማ በየነ ድርሰት ዛሬ ከአውሮፓ እስከ አሜሪካ ባንዶች የሚጫወቱት ሆኗል። ለእኛ ግን ልብ የሚነካው «ሎሚ ተራ ተራ» ነው፣ «ብርቱካኔ» ነው። ለመቀበል ግጥሙን ማስታወስ እንኳ አያስፈልግም፤ አፍ በራሱ ይሄዳል።

በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ለሙዚቃ ዝግጅት ሄደ፤ ኃይሉን ጨምሮ ከፊሎቹ እዚያው ዋሽንግተን ቀሩ። «ሸሞንሟናዬ» ከዚያ በኋላ፣ በ1985 የመጣ ነው። ባንድ የለም። ኃይሉ ብቻውን አኮርዲዮን፣ ሮድስ የተባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግና ያማሃ ዲኤክስ ሰባት የተባሉ ሲንተሳይዘሮችንና የከበሮ ማሽን ይዞ ሁሉንም ሠራው። አኮርዲዮን ኦርጋን ሳይመጣ በፊት ትልልቆቻችን የሚወዱት መሣሪያ ነበር፤ እሱ ያንን የድሮ ድምፅ አንሥቶ በዘመኑ አዲስ ከነበረው ማሽን ጎን አስቀመጠው። በካሴት ወጣ፣ ከዚያ ዝም ተባለ። ኃይሉ ለዓመታት ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ታክሲ ነዳ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ከመኪናው ኪቦርድ እያወጣ ይለማመድ ነበር። ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለው አሳታሚ ባለቤት ካሴቱን ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ ኃይሉን ፈልጎ ካገኘው በኋላ በ2013 በድጋሚ ታተመ፤ «ቼ በለው»ም በ2014 ተከተለ።

ሁለቱን ለማወዳደር አጭሩ መንገድ «ወገኔ» ነው፤ በሁለቱም አልበሞች ላይ አለ። በ1977ቱ ብዙ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው ሲጫወቱት ትሰማላችሁ። በ1985ቱ አንድ ሰው፣ ከአገሩ ርቆ፣ ያንኑ ዜማ ለራሱ ሲያስታውሰው። ስደት ላይ ላለ አድማጭ ሁለተኛው የሚሠራውን ሥራ እኔ በቃል ልገልጸው አልችልም። የአክስቴ ልጅ የከበሮ ማሽኑ ደረቀበት፤ «የሰው እጅ የለበትም» አለ። ይህን የሚል ብዙ ሰው አለ፤ ጆሯችሁ ከእውነተኛ ከበሮ ውጪ የማይወድ ከሆነ መጀመሪያ በስልክ ሞክሩት። እኔ ግን ድርቀቱን ነው የምወደው፤ አኮርዲዮኑ ከፊቱ ይበልጥ እንዲላቀስ ያደርገዋል።

እማሆይ

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ከሌሎቹ ጋር በአንድ ሚዛን አላስቀምጣቸውም። በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ለትምህርት ተላኩ፤ ቫዮሊንና ፒያኖ የጀመሩት እዚያ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ጣሊያኗ አሲናራ ደሴት ተግዘዋል። በኋላ ካይሮ ሄደው ሙዚቃ ተማሩ፤ ከዚያ ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም ገቡና መነኮሱ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 ጀርመን ታተመ። የመጨረሻዎቹን አሥርት ዓመታት ኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ደብረ ገነት ኖረው በ2023 አረፉ።

መግዛት ያለባችሁ «ኢትዮፒክስ» ቁጥር 21ን ነው፣ የ2006ቱን። አሥራ ስድስት ሥራ፣ አንድ ፒያኖ፣ ሌላ ምንም የለም። ከበሮ ስለሌለ ጊዜውን የሚያስኬደው የእጃቸው ትንፋሽ ነው፤ አንዱ ሐረግ ይዘገያል፣ ቀጣዩ ይፈጥናል፣ እንደ ቅዳሴ ዜማ የሚረዝመው ይረዝማል። ቀኝ እጃቸው ላይ የኛ ቅኝት፣ ግራ እጃቸው ላይ በልጅነት የተማሩት የአውሮፓ ፒያኖ አለ፤ የቱ የት እንደሚያበቃ ግን መለየት አይቻልም። መጀመሪያ ወዳነሳሁት ጥያቄ ልመለስና፣ ከስድስቱ ውስጥ ምንም ግጥም አፋችሁ ላይ የማያመጣው ይህ ብቻ ነው። ለሚያነብ፣ ለሚጽፍ፣ ሕፃን ለሚያስተኛ፣ ሐዘን ላይ ላለ ሰው የምመርጠው ይህንን ነው። በሸክላ ለሚፈልግ ሚሲሲፒ ሪከርድስ ሥራዎቻቸውን አሳትሟል።

ጌታቸው መኩሪያ

ጌታቸው የዚህ ተቃራኒ ነው። ሽለላን ወደ ሳክስፎን ያመጣ ሰው ነው፤ ሸላዩ በጉሮሮው የሚያደርገውን እሱ በመሣሪያው ያደርገዋል፣ ድምፁን ይሰነጥቀዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ይወረውረዋል። በ1972 ፊሊፕስ ያሳተመለት አልበም «ኢትዮፒክስ» ቁጥር 14 ላይ ይገኛል። «አካሌ ውቤ»ን፣ «አንቺ ሆዬ»ን፣ «አምባሰል»ን ስሙ። ማታ ከሥራ ሲገቡ የሚሰማ አይደለም፤ ጠዋት ነው፣ ያውም ጮክ ብሎ። ሮክ የሚወድ ወጣት በቤቱ ያለ ሰው ደግሞ በ2006 ከሆላንዱ ባንድ ዘ ኤክስ ጋር የሠራውን «ሞአ አንበሳ» ይግዛለት።

ስለ መግዛቱ

የመጀመሪያዎቹን እትሞች አትመኙ። የ1970ዎቹ ሸክላ ሰብሳቢዎች እጅ ገብቷል፤ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም፣ ብዙ ጊዜም ተጭሯል። አንድ ነጋዴ «አዲስ ነው» ብሎ የሸጠልኝ አሮጌ ሸክላ አንደኛው ገጹ እስከ መጨረሻ አይሄድም፤ ሳላስከፍት መውሰዴ ይቆጨኛል። ድጋሚ እትሞቹ በድምፅም ይሻላሉ። የኢትዮፒክስ ሲዲዎች ጥሩ ጽሑፍ ያለው መጽሔት አላቸው፤ ጽሑፉ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ብቻ መሆኑ ግን ሁሌ ያናድደኛል። ስለ ሸላይ ልጅ ታሪክ በሸላዩ ቋንቋ አንድ ገጽ እንኳ ቢኖር ምን ነበረበት?

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ «ቼ በለው»ን ገዛ፤ እኔም ለመጀመሪያ ገዢ የምለው እሱኑ ነው። ሁለተኛውን ሲጠይቀኝ «ሸሞንሟናዬ» አላልኩትም፤ ማታ ማታ ስለሚያነብ እማሆይን ግዛ አልኩት። «ሸሞንሟናዬ»ን ለልደቱ እኔ እወስድለታለሁ።